ቦክስ ፋይሉን ሰርቨር ላይ አትጫኑት፦ የተማሪዎች ኤሌክትሮኒክ ፖርትፎሊዮ በዩኒቨርሲቲ እንዴት ይጀመራል?

ኤች ዲ ፒ (የዩኒቨርሲቲ መምህራን የማስተማር ሙያ ሥልጠና) የወሰደ መምህር ቢሮ ውስጥ አንድ ወፍራም ቦክስ ፋይል አይጠፋም። የእኔ ጥቁር ነው። መደርደሪያው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አቧራ ጠጥቷል። ውስጡ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀምኩት ፖርትፎሊዮ አለ፦ የትምህርት ዕቅድ፣ የክፍል ምልከታ ቅጽ፣ "ከዚህ ምን ተማርኩ" የሚሉ ገጾች። ሰርተፍኬቴን ከተቀበልኩ ወዲህ አንድ ቀን ብቻ ከፍቼዋለሁ። እሱንም ስቴፕለር ስፈልግ ነው።

ኤሌክትሮኒክ ፖርትፎሊዮ እንጀምር ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ያንኑ ቦክስ ፋይል ሰርቨር ላይ መጫን ነው። ተማሪው ፋይል ይጭናል፣ መምህሩ "ገብቷል" ብሎ ምልክት ያደርጋል፣ ሴሚስተሩ ያልቃል። ወረቀት ተቆጠበ እንጂ ሌላ ምንም አልተለወጠም። ፖርትፎሊዮ ማለት ግን ተማሪው ከሠራው ውስጥ መርጦ፣ ለምን እንደመረጠው ጽፎ፣ ሌላ ሰው አይቶ መልስ የሚሰጥበት ነገር ነው። ምርጫው ከሌለ መጋዘን ብቻ ነው የሚሆነው።

የምጽፈው ሐዋሳ ሆኜ ስለሆነ ምሳሌዎቼ ከዚሁ ናቸው። አዳማም ዲላም ላለ ሰው ግን ብዙ አይለወጥም።

1. ዓላማውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ፖርትፎሊዮ ሦስት ሥራ ሊሠራ ይችላል። ተማሪው የራሱን ለውጥ ይከታተልበታል፣ መምህሩ ማርክ ይሰጥበታል፣ ተመራቂው ለቀጣሪ ያሳየዋል። ሦስቱ አንድ ገጽ ላይ አይስማሙም። ለመማር የሚጻፍ ገጽ "እዚህ ጋ ተሳስቻለሁ" ማለት አለበት። ለቀጣሪ በሚታይ ገጽ ላይ ግን ማን እንዲህ ይላል?

ስለዚህ ለመጀመሪያው ዓመት አንዱን አስቀድሙ። እኔ ብሆን መማሪያነቱን አስቀድማለሁ። የቀጣሪው ገጽ ከእሱ ተቀንጭቦ በኋላ ይሠራል። ዓረፍተ ነገሩ ይህን ይመስላል፦ "የ3ኛ ዓመት የባዮሎጂ መምህርነት ተማሪ በትምህርት ቤት ልምምዱ ላይ ምን እንዳሻሻለ በራሱ ሥራዎች ያሳያል።" ተማሪው፣ ቦታው፣ የሚታየው ነገር፣ ሁሉም አለበት። "ዘመናዊ" እና "ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ" የሚሉ ቃላት ከገቡበት ቅደዱትና እንደገና ጻፉት።

2. በሁለት ትምህርት ክፍሎች ጀምሩ

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አንድ ግቢ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት ከእሱ በፊት የነበሩ ኮሌጆች ተዋህደው ነው። የግብርናው ከ1960ዎቹ ጀምሮ እዚሁ ሐዋሳ ነበረ፣ የደኑ ደግሞ ወንዶ ገነት። ዛሬም ዋናው ግቢ፣ ቴክኖሎጂው፣ ግብርናው፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ፣ ወንዶ ገነት፣ ይርጋለም ያለው አዋዳ፣ ዳዬ፣ ሁሉም የየራሱ አሠራር አለው። ዋናው ግቢ ቁጭ ብሎ የተጻፈ ሰርኩላር ሁሉም ጋ በአንድ ቀን ሥራ ይጀምራል ማለት ዘበት ነው።

ፖርትፎሊዮ በወረቀት ያለባቸውን ክፍሎች ፈልጉ። አርክቴክቸር ተማሪ ጋ ቃሉን ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። ነርሲንግና ሜዲስን ሎግቡክ (የተግባር ልምምድ መዝገብ) አላቸው። የመምህርነት ተማሪዎች ፕራክቲከም (የትምህርት ቤት ልምምድ) አላቸው። ኢንጂነሪንግ የኢንተርንሽፕ ሪፖርት አለው። እነዚህ ቦታዎች ላይ አዲስ ሥራ አትጨምሩም፣ ያለውን ሥራ ታሻሽላላችሁ። መምህር "ሌላ ጣጣ መጣብን" ይል የነበረው አፉን ይዘጋል ባይባልም ድምፁን ይቀንሳል።

ፍሬሽማን ላይ አትጀምሩ፤ ገና ዲፓርትመንት አልመረጡም። ጂሲዎች (ተመራቂዎች) ላይም አትጀምሩ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ልቡ እዚያ ነው። እውነቱን ነው፣ ካላለፈ አይመረቅም። 2ኛና 3ኛ ዓመት ይሻላሉ።

3. ከሶፍትዌሩ በፊት ጥያቄውን አዘጋጁ

ሰው ሁሉ የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። ስብሰባ ላይ "የቱን ሲስተም እንጠቀም?" ሲባል ሁለት ሰዓት እንከራከራለን። "ተማሪው ምን ይጽፋል?" ሲባል ግን "ያው ሪፍሌክሽን ነዋ" ተብሎ ይታለፋል።

ያው ሪፍሌክሽን፣ ማለትም ተማሪው ስለ ሠራው ሥራ መለስ ብሎ አስቦ የሚጽፈው፣ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ዝም ብላችሁ "ስለ ልምምድህ ሪፍሌክሽን ጻፍ" ካላችሁ የሚመጣው ይህ ነው፦

"ትምህርቱ በጥሩ ሁኔታ ተጠናቋል። ተማሪዎች በንቃት ተሳትፈዋል። አንዳንድ ችግሮች ቢኖሩም ለወደፊቱ አሻሽላለሁ።"

ይህን የትኛውም ተማሪ፣ በየትኛውም ትምህርት፣ ክፍል ሳይገባም ሊጽፈው ይችላል። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም። ጥያቄው ባዶ ስለሆነ መልሱም ባዶ ሆነ።

አሁን ጥያቄውን ለውጡ። ሦስት ይበቃሉ። "ነገሩ የተበላሸበት ወይም የተሳካበት ደቂቃ የቱ ነው? በምን አወቅህ? በሚቀጥለው ክፍል ምን ለወጥህ፣ ምንስ ሆነ?" እንዲህ ሲጠየቅ ተማሪው ወደዚህ ዓይነት ጽሑፍ ይመጣል፦

"ዓሣ እንዴት እንደሚተነፍስ ሳስተምር 15 ደቂቃ ሙሉ ሰሌዳ ላይ ሥዕል ስስል ነበር። ጀርባዬን ስለሰጠኋቸው የኋላው ረድፍ ወሬ ጀመረ። ጥያቄ ስጠይቅ እጅ ያወጡት እነዚያው የፊት 4 ልጆች ናቸው። ለሚቀጥለው ሴክሽን ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወርጄ 3 ቆሮሶ ዓሣ ገዛሁ። ለየቡድኑ አንድ አንድ ሰጥቼ የጭንቅላቱን ክዳን ገልጠው እንዲያዩ አደረግኩ። የኋላዎቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው መጡ። የረሳሁት ሽታውን ነው። መስኮት ሳልከፍት ጀመርኩ፣ ከእኔ በኋላ የገባው የሒሳብ መምህር ተቆጣኝ።"

ምሳሌውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ሁለተኛው ተማሪ ክፍል ገብቷል። ማስረጃም ማያያዝ ይችላል፦ የሁለቱን ቀን ዕቅድ፣ የሰሌዳውን ፎቶ፣ የተመልካች መምህሩን ቅጽ። ፖርትፎሊዮ የሚባለው ማስረጃውና ጽሑፉ አንድ ላይ ሲቆሙ ነው።

ለአንድ ሴሚስተር ሦስት ሥራ፣ ለእያንዳንዱ 150 ቃል ገደማ ይበቃል። ሃያ ሥራ ጠይቃችሁ ሃያ ቅጂ ከምትሰበስቡ ሦስት እውነተኛ ይሻላል።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልጨምር። የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ተማሪ ስህተቱን በሦስተኛ ቋንቋው ተናዘዝ ሲባል የሚመጣው "ለወደፊቱ አሻሽላለሁ" ነው። መምህሩ የሚያነበው እስከሆነ ድረስ የመጀመሪያውን ረቂቅ በአማርኛም፣ በሲዳምኛም፣ በኦሮምኛም ይጻፍ። የሚታረመውን ገጽ በእንግሊዝኛ ያዘጋጃል። አንዳንድ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም።

4. ሲስተሙን ምረጡ፣ ግን ግዥ አትጠብቁ

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሙድል የሚባል የኦንላይን ኮርስ ሲስተም አላቸው። ሙድል የኮርስ ቤት ነው። ኮርሱ ሲዘጋ የተማሪው ሥራም አብሮ ይዘጋል። ፖርትፎሊዮ ግን የተማሪው ቤት መሆን አለበት፤ ኮርስ ሲያልቅ፣ መምህር ሲቀየር እዚያው የሚቆይ።

ለዚህ ተብሎ ከተሠሩት ነጻ ሶፍትዌሮች የታወቀው ማሃራ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ውስጥ ተጀመረ። ስሙ በማኦሪ ቋንቋ "ማሰብ" ማለት ነው፤ ጥሩ ስም አውጥተውለታል። ተማሪው ፋይሉን፣ ጆርናሉንና ገጹን ለየብቻ ይይዛል። ማን እንደሚያይ በየገጹ ራሱ ይወስናል። ከሙድል ጋር ስለሚገናኝ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አያስፈልግም። ይህን ቀላል አታድርጉት፤ ሁለተኛ ፓስወርድ ባለበት ቦታ ሁሉ የአይሲቲ ቢሮ በር ላይ ሰልፍ አለ።

ሰርቨር ከሌላችሁ ደግሞ ለሙከራው ጎግል ሳይትስ ይሠራል። ለ40 ተማሪ ይበቃል። ለመላው ዩኒቨርሲቲ ግን አልመክረውም። ተማሪው በግል ኢሜይሉ ከፈተው ማለት ነገ ማን ምን እንዳየ ተቋሙ አያውቅም፣ መምህሩም የገጽ ፈቃድ ሲለምን ሊውል ነው። ቢሆንም ጀምሩበት። የሰርቨር ግዥ እስኪያልቅ 3ኛ ዓመቶቹ ይመረቃሉ።

ወደ ሰርቨር ስትሄዱ ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። ለአንድ ተማሪ 200 ሜጋባይት ብትሰጡና 5,000 ተማሪ ቢኖራችሁ 1 ቴራባይት ገደማ ነው። ባክአፕ ሌላ 1 ቴራባይት። ይህ የሚያስፈራ ቁጥር አይደለም፤ የሚያስፈራው ቪዲዮ ነው። በስልክ የተቀረጸ የ1 ደቂቃ ጥራት ያለው ቪዲዮ ከ100 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ቪዲዮ ሌላ ቦታ ይቀመጥ፣ ፖርትፎሊዮው ላይ ሊንኩ ብቻ ይግባ። ፎቶም ከመጫኑ በፊት ይቀነስ። ባክአፑ ደግሞ ከሰርቨሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ ባክአፕ አይባልም። ለወሩ አንድ ቀን ምረጡና ከባክአፑ አንድ ተማሪ ገጽ መልሳችሁ ሞክሩ። ተመልሶ ያልታየ ባክአፕ ተስፋ ብቻ ነው።

5. ስልክ፣ መብራትና ሰዓት

ተማሪው ላፕቶፕ አለው ብላችሁ አትነሡ። ሁሉን የሚሠራው በስልኩ ነው። ፋይሉን የሚያስቀምጠው ቴሌግራም ላይ፣ ለራሱ በሚልከው መልዕክት ውስጥ ነው። ተማሪውን ከዚያ ለማስወጣት አትታገሉ። ረቂቁን እዚያ ይጻፍ፣ ፎቶውን እዚያ ያጠራቅም፤ ግቢ ዋይፋይ ሲያገኝ መርጦ ይጭናል። ሲስተሙን ስትፈትሹም በዲኑ ኮምፒውተር አይሁን። ከክፍሉ በጣም ያረጀውን ስልክ ተዋሱ፣ ላይብረሪ ጥግ ቁሙና አንድ ገጽ ለመሥራት ሞክሩ። ከ10 ደቂቃ በላይ ከፈጀባችሁ ቅጹን አሳጥሩት።

የግዕዝ ፊደል በስልክ ኪቦርድ ችግር የለውም። ችግሩ ፒዲኤፍ ሲሆን ነው፤ ፎንቱ ካልተካተተ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። አንድ የአማርኛ ገጽ አውጥታችሁ እዩ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ይህን በራሴ ላይ የደረሰ ስለሆነ በደንብ ስሙኝ። ከዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው ተቋም ሳስተምር፣ የማስረከቢያ ቀኑን ሲስተሙ ላይ "ጃንዋሪ 15፣ 12:00 ኤ ኤም" ብዬ ሞላሁ። ለተማሪዎቹ "ጥር 7፣ 12 ሰዓት" አልኳቸው። እነሱ በእኛ አቆጣጠር ምሽት 12 ሰዓት መሰላቸው። ሲስተሙ ግን የሚዘጋው 15ኛው ቀን ሲገባ፣ ማለትም ከዋዜማው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት ስልኬን ስከፍት ቴሌግራሙ በስቅስቅታ ተሞልቷል። ከክፍሉ ግማሽ በላይ ተዘግቶበታል። አንዷ ተማሪ "መምህር፣ ሙሉ ቀን ሰጥተውን ሌሊቱን ወሰዱብን" ብላ ጻፈችልኝ። ልክ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ጎን ለጎን እጽፋለሁ፦ "ጥር 7፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት፤ ሲስተሙ ላይ ጃንዋሪ 15፣ 8:00 ፒ ኤም።" የሌሊት ማስረከቢያ ጨርሶ አላስቀምጥም። መብራት ቢጠፋ የሚደወልለት ሰው ባለበት ሰዓት ይሁን። ማስረከቢያው ላይ መብራት ወይም ኔትወርክ ከጠፋ ጊዜው ሳይጠየቅ በ24 ሰዓት እንደሚራዘም አስቀድማችሁ አስታውቁ። ያኔ የማመልከቻ ክምር አይመጣባችሁም።

6. የሰው ገመና

ሪፈራል የሚለማመድ ተማሪ የታካሚ ፊት፣ የካርድ ቁጥር፣ ስም የሚያሳይ ፎቶ ፖርትፎሊዮው ላይ አያስቀምጥም። በቃ። "ፊቱን ሸፍኜዋለሁ" ማለት አይበቃም፤ ሰው በጠባሳውም በልብሱም ይታወቃል። የተደረገውን በጽሑፍ ይግለጽ፣ ፊርማውን ተቆጣጣሪው ይስጥ። ፕራክቲከም የሚወጣውም እንደዚሁ፤ የሕጻናት ፊት ያለ ወላጅና ያለ ትምህርት ቤቱ ፈቃድ አይነሣም። የዓሣው ፎቶ ይበቃል።

አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የጤና መረጃ ከሁሉ ጠበቅ ባለው ወገን ነው የተመደበው። ሕግ ክፍሉን ከመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ጥሩ፣ ችግር ከመጣ በኋላ አይደለም። ሲስተሙ ላይ ደግሞ ማንኛውም አዲስ ገጽ ሲከፈት "ለራሴ ብቻ" ሆኖ ይጀምር። ለመምህሩ፣ ለጓደኛው፣ ለውጭ ሰው የሚከፍተው ተማሪው ነው።

7. የመምህሩ ጊዜ

60 ተማሪ ያለው ክፍል ለእያንዳንዱ ሥራ 10 ደቂቃ ቢሰጥ 10 ሰዓት ነው። ሦስት ሥራ ከሆነ 30 ሰዓት። ሁለት ሴክሽን ከያዘ 60። ይህ ሰው ሌላም ኮርስ አለው፣ አድቫይዚም አለው፣ ቤትም አለው።

ስለዚህ ሦስቱንም አያንብብ። የመጀመሪያውን ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይተያዩ። ሁለተኛውን መምህሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጻፍበት፦ አንዱ የተሳካውን፣ ሌላው የሚቀጥለውን። ሦስተኛው ላይ ማርክ ይስጥ። ሩብሪኩ (የማርክ መስጫ መስፈርቱ) አራት መስመር አይለፍ፦ ምርጫ፣ ማስረጃ፣ የለውጡ ገለጻ፣ ጥራት። ማርኩ ከኮንቲኒየስ አሰስመንቱ (ከተከታታይ ምዘናው) 15 ከመቶ ቢሆን ይበቃል። ዜሮ ከሆነ ማንም አይሠራም፤ 40 ከሆነ ደግሞ ከቅን ሪፍሌክሽን ይልቅ ድራማ ይመጣላችኋል።

ሥራው ሎድ (የመምህሩ መደበኛ የሥራ ድርሻ) ውስጥ ካልተቆጠረ ግን ሁለተኛው ዓመት ላይ ይሞታል። ዲኖች "በመልካም ፈቃድ" ማለት ይወዳሉ። መልካም ፈቃድ አንድ ሴሚስተር ይቆያል።

ሥልጠናውም ሆቴል ውስጥ በፓወርፖይንት አይሁን። እያንዳንዱ መምህር ያን አቧራ የጠጣ ቦክስ ፋይል ይዞ ይምጣ። ከውስጡ አንድ ሥራ ይምረጥ፣ በስልኩ ፎቶ ያንሣ፣ ገጽ ይሥራበት፣ ሦስቱን ጥያቄዎች ይመልስ። ግማሽ ቀን ይበቃል። ተማሪው የሚቸገርበትን ቦታ መምህሩ ራሱ ተቸግሮበት ያውቀዋል።

8. ኮፒ ፔስትና ቻትጂፒቲ

ይገለበጣል። ከጓደኛም ከማሽንም። መድኃኒቱ ኩረጃ የሚያጋልጥ ሶፍትዌር መግዛት ሳይሆን ጥያቄውን ለዚያ ቦታና ለዚያ ቀን የተጠጋ ማድረግ ነው። ማሽን የሒሳቡ መምህር መቆጣቱን አያውቅም። ጆርናሉ ላይ ቀን ያለው ረቂቅ ይጠየቅ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ደግሞ ከየሴክሽኑ ጥቂቶችን በዕጣ አውጡና ገጻቸውን ከፍተው 3 ደቂቃ ያውሩ። የሠራው ሰው ይናገራል፣ ያልሠራው ኔትወርኩን ይወቅሳል።

9. ማስፋት፣ ከዚያም መመረቅ

ከአንድ ሴሚስተር በኋላ ሦስት ነገር ቁጠሩ። ስንት ተማሪ ሦስቱንም አስገባ፣ ስንቱ ከመምህሩ መልስ አገኘ፣ ስንቱ መልሱን አይቶ ገጹን አሻሻለ። ሦስተኛው ቁጥር ዝቅ ካለ ወደ ሌላ ዲፓርትመንት አትሂዱ፤ ተመልሳችሁ 3ኛውን ደረጃ እዩ። ቁጥሮቹ ጥሩ ሲሆኑ ነው ለሴኔት የሚቀርበው፣ ከሁለቱ ክፍሎች እውነተኛ ገጾች ጋር፣ በተማሪዎቹ ፈቃድ።

ሲመረቁስ? አካውንቱ በምረቃ ማግስት መዘጋት የለበትም። አንድ ዓመት ስጧቸውና ቀኑን አስታውቁ። ማሃራ ገጾቹን በብሮውዘር በሚከፈት ፎልደር አድርጎ ያወጣል፤ ወደ ሌላ ማሃራ የሚገባበት ሊፕቱኤ የሚባል ቅርጽም አለው። ክሊራንስ ቅጹ ላይ "ፖርትፎሊዮዬን አውጥቻለሁ" የሚል አንድ ሳጥን ጨምሩ። ላይብረሪ መጽሐፍ ለመመለስ የሚሮጥ ተመራቂ ይህንንም ያደርጋል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሥራ የሚያመለክት ልጅ ከሲቪው ጋር የሚያያይዘው አንድ ሊንክ ይኖረዋል።

በመጀመሪያው ቀን ለክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ የሚላከውን መልዕክት እነሆ። ቀኑንና ስሙን ቀይራችሁ ተጠቀሙበት፦

"ሰላም ጓዶች። በዚህ ሴሚስተር ሦስት ሥራ ትመርጣላችሁ፣ ሁሉንም አይደለም። የመጀመሪያው ኅዳር 20 ከምሽቱ 2 ሰዓት ይገባል። ፎቶ ስታነሡ የሰው ፊት አይኑር። ጽሑፉ ላይ የተበላሸባችሁን ብትጽፉ ማርክ አይቀነስም፣ ባትጽፉ ግን ይቀነሳል። ፓስወርድ የረሳ ሰው ግሩፑ ላይ አይጻፍ፣ በውስጥ መስመር ያናግረኝ። ስልኩ አልከፍት ያለው ካለ ሐሙስ ከሰዓት ላይብረሪ እመጣለሁ፣ አብረን እንሞክራለን።"